ሩቁስ ለቡ ነው

እትዬ ጎረቤቴ ናቸው። የሚኖሩት ለገሃር ጀርባ ነው። ከአሮጌው ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት ካለው የአንበሳ ሐውልት እስከ ቤታቸው በእግር አሥር ደቂቃ አይሞላም። የድሬ ልጅ ናቸው። አዲስ አበባ የመጡት በልጅነታቸው በባቡር ነው፤ የወረዱትም እዚያው ለገሃር። አንድ ዘንቢል የኤረር ብርቱካን ይዘው ተሳፍረው፣ ሲወርዱ ግማሹ በመንገድ ተበልቶ እንደነበር ሁሌ ያወራሉ።

ባለፈው ዓመት እኅታቸው ታመሙና ድሬዳዋ መሄድ ግድ ሆነ። አውሮፕላን በዚህ ዕድሜዬ አልለምድም አሉ። አውቶቡሱን ደግሞ ወገባቸው አልቻለውም። እኔም እዚያ ትንሽ ጉዳይ ስለነበረኝ "በባቡር አብረን እንሂድ" አልኳቸው። ፊታቸው በራ። ሄድን። ስንደርስ ያሉኝ ነገር ግን እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም፦

"ልጄ፣ ድሬስ ቅርብ ናት። ሩቁስ ለቡ ነው።"

ለቡ አዲሱ ባቡር የሚነሳበት የአዲስ አበባ ዳር ነው። የምሠራው ሥራ ከትራንስፖርት ዕቅድ ጋር ይነካካል። ባቡር ለምን ተሳፋሪ ያንሰዋል የሚል ወሬ በስብሰባ ላይ ሲነሳ ሁላችንም የምንጀምረው ከፉርጎው ነው። ወንበሩ፣ ዋጋው፣ ፍጥነቱ፣ ሽንት ቤቱ። እትዬ በአንድ ዓረፍተ ነገር ሌላ ቦታ ጠቆሙኝ። ስለዚህ ያቺን የጉዞ ቀን ቁጭ ብዬ ሰዓት በሰዓት ጻፍኳት። ይህ ጽሑፍ የዚያ ውጤት ነው።

ጣቢያው ከከተማው ሲወጣ

አፄ ምኒልክ የባቡሩን ውል ለአልፍሬድ ኢልግ የሰጡት በ1886 ዓ.ም ነው። ሀዲዱ ከጅቡቲ ተነስቶ በ1895 ድሬዳዋ ደረሰ። ከዚያ ገንዘብ አለቀ፣ ኩባንያው ከሰረ፣ ሌላ ኩባንያ ተተካ። አዲስ አበባ የገባው በ1909 ነው። ዛሬ የምናየው የለገሃር ሕንፃ በ1922 ተመረቀ። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው ፈረንሳዮቹ ጣቢያውን ከሚጠሩበት ቃል ነው። ባቡሩ ቆሞ፣ ሀዲዱ ከጥቅም ወጥቶ እንኳ ወያላው ዛሬም "ለገሃር! ለገሃር!" እያለ ይጠራል።

አሮጌው ባቡር ዘገምተኛ ነበር። የሀዲዱ ስፋት አንድ ሜትር፣ ርዝመቱ 784 ኪሎ ሜትር። ፈጠን የምትለው ባለሞተር ፉርጎ፣ ሊቶሪናዋ፣ ትሻል ነበር ይባላል። ሰው አዋሽ ላይ ወርዶ ቡፌው ውስጥ ምሳውን በልቶ ይሳፈር ነበር። ይህን ሁሉ የማነሳው ለናፍቆት አይደለም። አንድ ነገር ልብ በሉልኝ፦ ያ ዘገምተኛ ባቡር የሚነሳው ከከተማው ልብ ነበር፤ የሚያደርሰውም ከዚራ፣ የድሬዳዋ ልብ ላይ። መሃል ላይ ሲንቀራፈፍ ያጠፋውን ሰዓት ጫፍና ጫፉ ላይ ያካክስ ነበር።

አዲሱ ባቡር የዚህ ተቃራኒ ነው። የተመረቀው መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም ነው። መደበኛ የንግድ አገልግሎት የጀመረው ደግሞ ታኅሣሥ 23 ቀን 2010። በኤሌክትሪክ ይሄዳል። ሀዲዱ በዓለም መደበኛ የሚባለው 1,435 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው። መንገደኛ ባቡሩ በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር እንዲሄድ ታስቦ ነው የተሠራው። መነሻው ግን ፉሪ-ለቡ ነው፣ የከተማዋ ደቡብ ምዕራብ ጫፍ። ድሬዳዋም ላይ ጣቢያው ከከተማው ወጣ ብሏል።

ለምን እዚያ ሆነ? አንዳንዱ ሰው ስንፍና ይመስለዋል። አይደለም። መስመሩ ከሁሉ በፊት የዕቃ መስመር ነው። የአገሪቱ አብዛኛው ወጪና ገቢ ንግድ በጅቡቲ ስለሚያልፍ ዋናው ሐሳብ ኮንቴይነር ማመላለስ ነበር። ኮንቴይነር ደግሞ ለገሃር መሃል ገብቶ ማኪያቶ መጠጣት አያምረውም። በዚያ ላይ ሀዲዱ ከሰበታ ነው የሚነሳው፤ ወደ ምዕራብ ይቀጥላል ተብሎም ታቅዶ ነበር። መሃል ከተማ ለማስገባት ስንት ቤት ይፈርስ እንደነበር አስቡት። ውሳኔው ለዕቃው ትክክል ነበር። ለእትዬ ግን ማንም አላሰበላቸውም።

ያቺ ቀን

ባቡሩ የሚነሳው ጠዋት 2 ሰዓት ነበር። እትዬ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ጀምሮ አልተኙም። በሬን የቆረቆሩት 10 ሰዓት ላይ ነው። "መንገዱ አይታመንም" አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ከለገሃር ለቡ በሌሊት ሠላሳ ደቂቃ ሊሆን ይችላል። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ከሜክሲኮ ጀምሮ የሚጠብቅህን ግን ፈጣሪ ብቻ ነው የሚያውቀው።

10 ተኩል ላይ ኮንትራት ታክሲ ያዝን። ሾፌሩ መጀመሪያ የጠራው ዋጋ ያስቃል። "ባዶዬን ነው የምመለሰው" አለ። ተከራክረን ትንሽ ቀነሰ። ሰፈሩ ሲደርስ ደግሞ የጣቢያውን መግቢያ ስቶት አንድ ጊዜ ዞርን። ጣቢያው በር ላይ ስንቆም 11 ሰዓት ከሩብ ገደማ ነው። ጨለማ፣ ብርድ፣ ሦስት ሌሎች ቤተሰቦች፣ አንዲት ሻይ የምትሸጥ ልጅ።

ሻይዋ በቀረፋ ነበር። እትዬ ሁለት ጠጡ።

ከዚያ በር ተከፈተ፣ መታወቂያ ታየ፣ ሻንጣ ተፈተሸ፣ አዳራሽ ውስጥ ተቀመጥን። አዳራሹ ትልቅ ነው፣ ጣሪያው ሩቅ። ሲያወሩ ድምፅ ያስተጋባል። እትዬ ዙሪያውን አይተው "አቦ፣ ይሄ ሁሉ ለኛ ነው?" አሉ። ሳንሳፈር ወደ ሦስት ሰዓት የሚጠጋ ጠበቅን። ባቡሩ አላረፈደም። የጠበቅነው መንገዱን ስለፈራን ነው።

ባቡሩ ውስጥ ከገቡ በኋላማ ሌላ ሰው ሆኑ። ወንበር ለወንበር የተዋወቁት ሰው ብዛት! አንዲት የሐረማያ ተማሪ፣ ሞጆ የወረደ ነጋዴ፣ ጅቡቲ ልጁን ሊጠይቅ የሚሄድ ሽማግሌ። መተሐራ ላይ ፈንታሌ ተራራን አሳዩኝ። መተሐራ ላይ ፈንታሌ ተራራን አሳዩኝ። ስለ ወገባቸው አንድ ጊዜ እንኳ አላነሱም። የመኪናው መንገድ ቢሆን ኖሮ አሰበ ተፈሪን፣ ሂርናን፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ የደንገጎን ቁልቁለት በጠመዝማዛ ነው። እትዬ ደንገጎን ሲያነሱ ያማትባሉ።

ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል ላይ ደረስን። ሰባት ሰዓት ተኩል መሆኑ ነው። ከጣቢያው ከዚራ ድረስ ባጃጅ ተከራይተን 10 ሰዓት ላይ እኅታቸው ቤት ነበርን። ያቺን ዓረፍተ ነገር ያሉኝ ጫማቸውን እያወለቁ ነው።

ሂሳቡ

ከቤት በር እስከ ቤት በር አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል። ከዚህ ውስጥ ባቡር ላይ የነበርነው ሰባት ተኩል ብቻ። አራት ሰዓት ሙሉ ከባቡሩ ውጪ አለቀ።

አሁን አውቶቡሱን እንመልከት። ረጅም ርቀት የሚሄዱት ጥሩ ጥሩ አውቶቡሶች ሌሊት ከመስቀል አደባባይ ይነሳሉ። እትዬ ቤት እዚያው ነው፤ የሰፈር ልጅ ሻንጣ ይዞላቸው ይደርሳሉ። 11 ሰዓት ላይ ቢነሱ፣ መንገዱ አሥር ሰዓት ቢፈጅ እንኳ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ከተማው ውስጥ ይወርዳሉ። አውቶቡሱ ከባቡሩ በሁለት ሰዓት ተኩል ይዘገያል፤ እትዬን ግን ቀድሞ ያስገባቸዋል!

ይህ ነው የጉዳዩ እምብርት። ባቡሩ ሀዲዱ ላይ አሸንፎ ሀዲዱ ላይ ከመውጣቱ በፊት ይሸነፋል።

አንድ ነገር ልጨምር። በትራንስፖርት ሥራ የቆየ የሚታወቅ ነገር አለ። ሰው ደቂቃን እኩል አይቆጥርም። ተቀምጦ እየሄደ የሚያሳልፈው ደቂቃ አንድ ከሆነ፣ ቆሞ ወይም ተጨንቆ የሚጠብቀው ደቂቃ ወደ እጥፍ ይጠጋል። ስለዚህ የእትዬ ሦስት ሰዓት ጥበቃ በሆዳቸው ውስጥ ስድስት ነው። ለቡ "ሩቅ" የሆነባቸው ለዚህ ነው። በካርታ ብትለካው ከከተማዋ አልወጣህም። ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ እርግጠኛ መሆን ስለማይቻል ግን ሁሉም ሰው ለክፉው ቀን ያቅዳል። ሌሊት 10 ሰዓት ያስነሳን እሱ ነው።

ዋጋ ይቀነስ የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም። ትኬቱን ግማሽ ብታደርገው ኮንትራት ታክሲው ይበላዋል። ሰውዬው ለመንግሥት ያልከፈለውን ለሾፌር ይከፍላል፤ ያውም እየተጨቃጨቀ።

የአዳማ ወጥመድ

ወሬው ሁሌ ወደ አዳማ ይሄዳል። "ድሬ ሩቅ ነው፣ የዕለት ተመላላሹ አዳማ ነው፣ ባቡሩ እዚያ ላይ ያተኩር።" ላይ ላዩን ሲታይ ልክ ነው። ከሰበታ እስከ አዳማ ሀዲዱ ድርብ ነው። ከአዳማ ወዲያ ነው ነጠላ የሚሆነው፤ እዚያ የሚመጣው የሚሄደውን መጠበቅ አለበት። ስለዚህ አዳማ ድረስ ባቡር ለማብዛት ቦታ አለ።

ግን ለማን? ካዛንቺስ የሚሠራ ሰውን አስቡት። ከ2007 ዓ.ም ጀምሮ የፍጥነት መንገዱ አለ፤ 85 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። ሚኒባስ ከያዘ አንድ ሰዓት ከምናምን። ይህ ሰው በባቡር ለመሄድ መጀመሪያ ለቡ መውረድ አለበት፤ አዳማ ሲደርስ ደግሞ ከጣቢያው ወደ መሃል ባጃጅ። ጉዞው ባጠረ ቁጥር ጫፍና ጫፉ ላይ የሚባክነው ሰዓት እየገነነ ይሄዳል። ድሬ ስትሄድ ያ ሰዓት ቅመም ነው። አዳማ ስትሄድ ወጡ ራሱ እሱ ይሆናል። ባቡሩን በሰዓት 120 ብታስሮጠውም የካዛንቺሱን ሰው አታገኘውም።

ይህን ጽፌ ስጨርስ ግን አንድ የሥራ ባልደረባዬ አነበበውና ሳቀብኝ። ቤቱ ጀሞ ኮንዶሚኒየም ነው። "አንተ ከተማው ለገሃር ላይ የቆመ ይመስልሃል" አለኝ። አፈርኩ። እውነቱን ነው። ጀሞ፣ ላፍቶ፣ ሃይሌ ጋርመንት፣ ፉሪ፣ ዓለም ገና፣ ሰበታ፣ ስንት ሕዝብ ነው የሚኖረው? ለእነሱ ለቡ ቅርብ ነው፤ ሩቁ መስቀል አደባባይ ነው። ከመሃል ከተማ ቤቱ የተነሳበት ሰው ራሱ ወደ ዳር ዳሩ ነው የሄደው። የአዳማው ባቡር ሰው ካገኘ ከእነዚህ ሰፈሮች ነው የሚያገኘው። እንግዲህ ሁለት የተለያየ ገበያ አለን ማለት ነው፦ ለድሬው የመሃል ከተማውን ሰው ወደ ጣቢያው ማምጣት፣ ለአዳማው ደግሞ ጣቢያው ጎን ያለውን ሰው ባቡር መኖሩን ማስታወስ። በአንድ ማስታወቂያ ሁለቱን ለማጥመድ መሞከር ሁለቱንም ማጣት ነው።

ናይሮቢዎች ምን አደረጉ

ይህ ችግር የእኛ ብቻ አይደለም። ኬንያም በ2009 ዓ.ም ከናይሮቢ ሞምባሳ በቻይና ተቋራጭ የተሠራ መደበኛ ሀዲድ መርቃለች። የናይሮቢው አዲስ ጣቢያ ሲዮኪማው አካባቢ ነው፣ ከከተማው መሃል ርቆ። እንደ ለቡ በሉት። እነሱ ግን መሃል ከተማ ያለውን የቅኝ ግዛት ዘመን ጣቢያና አንድ ሜትሩን አሮጌ ሀዲድ አልጣሉትም። በዚያ ላይ አጫጭር ባቡሮች አደረጉ፤ ሰዓታቸውም ከሞምባሳው ባቡር ጋር የተገጣጠመ። መንገደኛው መሃል ከተማ ይሳፈራል፣ አዲሱ ጣቢያ ላይ ይቀይራል። ጉዞው የሚጀምረው ከአሮጌው ጣቢያ ነው ማለት ነው።

እኛ ያንን መቅዳት አንችልም። የእኛ አሮጌ ሀዲድ ከተማው ውስጥ አገልግሎቱ አብቅቷል። ለነገሩ ወደ አቃቂ እንጂ ወደ ለቡ አልነበረም የሚሄደው። ቀላል ባቡሩስ? ከ2008 ዓ.ም ጀምሮ ለገሃር ላይ ፌርማታ አለው፤ ሁለቱም መስመሮች ያልፉበታል። ግን አንዱ ደቡብ ላይ ቃሊቲ ይቆማል፣ ሌላው ምዕራብ ላይ ጦር ኃይሎች። ለቡን ሁለቱም አያውቋትም። ሁለት ባቡር ያላት ከተማ ባቡሮቿ አይተዋወቁም።

ሀዲዱን መቅዳት ባንችልም ሐሳቡን መውሰድ ግን እንችላለን። ሐሳቡ ሀዲድ አይደለም። ቀጠሮ ነው።

እኔ ብሆን

ለገሃር ላይ አንድ አውቶቡስ አቆማለሁ። አሮጌው ጣቢያ አጠገብ፣ አንበሳው ሥር። ጎኑ ላይ "ድሬዳዋ" ተብሎ ይጻፍ እንጂ "ለቡ" አይጻፍ። የባቡሩን ትኬት የያዘ ሰው ሌላ አይከፍልም። የሚነሳበት ሰዓት የታወቀ ነው። ዋናው ነገር ደግሞ ይሄ ነው፦ አውቶቡሱ መንገድ ላይ ቢያዝ ባቡሩ ይጠብቀዋል። ይህች አንዲት ቃል ኪዳን እትዬን ሁለት ሰዓት ታስተኛቸው ነበር። መንገደኛው የመንገዱን ጭንቀት ለራሱ ከሚሸከመው አገልግሎቱ ይሸከምለት ማለት ነው። ዋጋው አንድ ሁለት አውቶቡስና ሁለት ሾፌር ነው። ለዚህ ተብሎ የሚፈርስ ቤት የለም፣ የሚመጣ ብድር የለም።

የመልሱ ጉዞም አለ። ማታ ከድሬ የሚገባው ሰው ሻንጣና ማዳበሪያ ይዞ ለቡ ላይ በጨለማ ከታክሲ ጋር ሲደራደር አይቻለሁ። ሰው የሚቀጥለውን ጉዞ በምን እንደሚሄድ የሚወስነው እዚያች ሰዓት ላይ ይመስለኛል፣ ተናድዶ። አውቶቡሱ ሞተሩን አስነስቶ በር ላይ ቢጠብቀው ሌላ ታሪክ ነበር።

ሁለተኛው ነገር የማይሄደውን ሰው መቁጠር ነው። የትኬት መስኮት ከየት ጣቢያ ወደ የት ጣቢያ እንደሄድክ ያውቃል። ከየት ሰፈር እንደመጣህ አያውቅም። አንድ ጥያቄ ብቻ ይጨመር፦ "ከየት ሰፈር ነው የመጡት?" ለአንድ ወር ያህል። ከዚያ አንድ ልጅ ሌሊት 11 ሰዓት መስቀል አደባባይ ሄዶ የድሬ አውቶቡስ የሚጠብቁትን "ባቡሩን አስበውት ነበር? ለምን ተዉት?" ብሎ ይጠይቅ። ፉርጎ ውስጥ የሚሰበሰብ የአስተያየት ወረቀት የሚነግርህ የተሳፈረውን ሰው ሐሳብ ነው። የሚያስፈልገን ግን ያልተሳፈረው ነው።

ስለ ቁልቢም አንድ ነገር ልበል። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ሲቃረብ ወደዚያ አቅጣጫ የሚሄደው ሕዝብ ለጉድ ነው። በዚያ ሳምንት ባቡሩን ያየ ሰው "ተሳፋሪ ሞልቷል፣ ምን ጎድሎ ነው?" ይላል። የስለት ሰው ግን በምንም ይሄዳል፤ በእግርም የሚሄድ አለ። ባቡሩ መወደዱን የምታውቀው በማንም በማያስታውሰው የኅዳር ማክሰኞ ነው።

ከዚህ የሚከብደው ሰዓት አክባሪነቱ ነው። ከአዳማ ወዲያ ነጠላ ሀዲድ ነው፤ ዕቃ ጫኙና መንገደኛው ይጋሩታል። በቆላው ግመልና ከብት ሀዲዱ ላይ ይወጣል። ግጭት ይደርሳል፣ ካሳ ይጠየቃል፣ ባቡሩ ፍጥነቱን ይቀንሳል። የኤሌክትሪክ ዕቃ ይሰረቃል። ይህ በአንድ አውቶቡስ አይፈታም። ቢሆንም ከለገሃር የሚነሳው ሰው ይህን ሁሉ ይታገሣል፤ ያልታገሠው የለቡን ሌሊት ነው።

እትዬ ሁለት ሳምንት ቆይተው ተመለሱ። በአውቶቡስ። መስቀል አደባባይ ወረዱ፣ አንድ የሰፈር ልጅ ሻንጣቸውን ተሸከመላቸው፣ በእግራቸው ቤታቸው ገቡ። በማግስቱ ሄጄ ስጠይቃቸው ወገባቸውን በጨርቅ አስረው ቡና እያፈሉ ነበር።

"ምነው በባቡሩ አልመጡም?" አልኳቸው።

"ወድጄዋለሁ እኮ። ግን ማታ ነው የሚገባው። ከለቡ ማን ያመጣኛል?"

ሁለተኛውን ሲኒ እየቀዱልኝ ደግሞ "ለታኅሣሥ ገብርኤል ግን በሱ ነው የምሄደው" አሉ። "አንተ ካደረስከኝ።"